ከአንድ እናት የተወለዱ ቡችሎች

ዛሬ ላብራዱድል የሚባሉትን የላብራዶርና የፑድል ድቅል ውሾች የሚያራባ ወዳጄ ጋር ሳለሁ፣ ልጇ አለርጂ ያለባት አንዲት እናት «ፀጉሩ አይረግፍም አይደል?» ብላ ጠየቀችው። መልስ ከመስጠቱ በፊት በአንድ ቀን የተወለዱ ሁለት ቡችሎችን አሳቀፋት፤ የአንዱ ፀጉር እንደ ፑድል የተጠቀለለ፣ የሌላው እንደ ላብራዶር ቀጥ ያለ ሲሆን፣ ሁለተኛውን ስታስቀምጥ እጅጌዋ ላይ ቡናማ ፀጉር ተጣብቆ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ የመሪ ውሾች አራቢው ዋሊ ኮንሮን አውስትራሊያ ውስጥ፣ ባለቤቷ አለርጂ ላለበት ለአንዲት ዐይነ ስውር የሃዋይ ነዋሪ መሪ ውሻ ለማግኘት ሁለቱን ዝርያዎች ሲያዳቅል፣ ከሦስቱ ቡችሎች ለባልየው የተስማማው አንዱ ብቻ ነበር። ይህ እየታወቀ፣ በዘር የሚተላለፍ ሕመም እንዳይኖር የወላጆቹን ዳሌና ዐይን ሳያስመረምሩ፣ የቡችላውንም ጠባይ ሳይፈትኑ «ለማንም ይስማማል» ብሎ መሸጥ በቤተሰቡም በእንስሳውም ላይ የሚፈጸም በደል ነው። ወዳጄ ልጅቷ ራሷ መጥታ ከቡችላው ጋር እንድትቆይ ቀጠሮ ሰጣቸው።