የገልባጭ መኪኖች ፍሪሲዮን ያለጊዜው ማለቅ፦ እስካሁን የደረስንበት

ከካባ ድንጋይና ጠጠር የሚያመላልሱ ገልባጭ መኪኖችን በምንጠግንበት ጋራዥ፣ የፍሪሲዮን (ሞተሩን ከካምቢዮው፣ ማለትም ከማርሽ ሳጥኑ፣ የሚያገናኘውና የሚለያየው ክፍል) ሸራ፣ ማለትም በሰበቃ የሚይዘው ዲስክ፣ ከሚጠበቀው ጊዜ እጅግ ቀድሞ እያለቀ ሲያስቸግረን ቆይቷል። አዲስ ሸራ ገጥሞ መሸኘት ችግሩን ለጥቂት ጊዜ ከማዘግየት ያለፈ ጥቅም ስላልሰጠን፣ ካለፈው ክረምት ወዲህ የወለቀውን ዕቃ በጥንቃቄ ሳንመረምር አዲሱን ላለመግጠም ወስነን እየሠራን ነው።

ሸራው ዘይት ነክቶት ከተገኘ፣ ምክንያቱ በሞተሩ የኋላ ወይም በካምቢዮው የፊት ኦይል ሲል (ዘይት እንዳይወጣ የሚከለክል ጎሚኒ) ላይ ይፈለጋል እንጂ ሹፌሩ ሊወቀስ አይገባም። ቮላኖው (ሸራው የሚጫነውና ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ከባድ የብረት ጎማ) ወደ ሰማያዊ ያደላ ቃጠሎና ደቃቅ ስንጥቅ ካሳየ ግን፣ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ከልክ በላይ ግሏል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ቮላኖ ቶርኖ ቤት ወስዶ ሳያስተካክሉ፣ ስንጥቁ ከጠለቀም ሳይቀይሩ አዲስ ሸራ መግጠም ገንዘብ ማባከን ነው።

እኛ ዘንድ የበዛው የሙቀት ጉዳት ሲሆን፣ ዋናው ምንጩም የመኪናው አነሳስ ነው። መኪናው ከቆመበት ሲነሳ፣ ሞተሩና ወደ ካምቢዮው የሚገባው ዘንግ እኩል መዞር እስኪጀምሩ ድረስ በፍሪሲዮኑ ላይ የሚፈጠረው ሙቀት፣ በሜዳ ላይ እንኳ መኪናው እስከዚያ ካገኘው የእንቅስቃሴ ጉልበት ጋር በግምት የሚስተካከል ነው፤ ይህ ጉልበት ደግሞ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን አራት እጥፍ ይሆናል። የአንደኛ ማርሽ ምጣኔው 14 (ከካምቢዮው የሚወጣው ዘንግ አንዴ እንዲዞር ሞተሩ 14 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው)፣ የሦስተኛው 8 የሆነ ካምቢዮ ብንወስድ፣ በተመሳሳይ የሞተር ዙር በሦስተኛ የተነሳ መኪና ፍጥነቱ 1.75 እጥፍ ስለሚሆን ፍሪሲዮኑን በአንደኛ ከተነሳው ሦስት እጥፍ ያህል ያሞቀዋል ማለት ነው። ዳገት ሲጨመርበት ይብሳል። ሹፌሮቻችን ባዶ ሲመለሱ በሦስተኛ መነሳታቸው ብዙም አይጎዳም፤ ጉዳቱ የሚመጣው ይኸው ልማድ ከነጭነቱም ሲቀጥል ነው። በካባው ዳገት ላይ ወረፋ ሲጠብቁም መኪናውን በእጅ ፍሬን ሳይሆን ፔዳሉን በከፊል ለቆ በፍሪሲዮን ይዞ መቆም የተለመደ ነበር።

ከዚህ ቀጥሎ ያየነው የፍሪሲዮኑን ፔዳል ነው። የአየር እገዛ ያለው ፔዳል ልስልስ በመሆኑ፣ እግሩን ያሳረፈ ሹፌር ፍሪሲዮኑን በጥቂቱ እየከፈተ መሆኑን ላያውቀው ይችላል፤ ስለዚህ የፔዳሉን ነፃ እንቅስቃሴ (ፍሪሲዮኑን መክፈት ሳይጀምር የሚሄደውን ርቀት) በአምራቹ ልክ አስተካክለን፣ እግር ማሳረፉ የሚያደርሰውን ጉዳት ለሹፌሮቹ የተቃጠለውን ዕቃ እያሳየን አስረዳን። በእኔ እምነት ከቃል ምክር ሁሉ ይልቅ የሠራው ይህ ነው።

በአንደኛ ማርሽ መነሳትን የለመዱት ሹፌሮች የሚነዷቸው መኪኖች ፍሪሲዮን እስካሁን አልተንሸራተተም። አሁን የሴራሚክ ሸራ እየሞከርን ነው፤ ሙቀትን የተሻለ ቢችልም አያያዙ ድንገተኛ ስለሆነ፣ ካምቢዮውንና ዲፈረንሻሉን እንዳይጎዳ በመስጋት በአንድ መኪና ላይ ብቻ ጀምረናል።