«አንቲል ናው» ያዘገየው ኢንቮይስ

በምሠራበት ድርጅት ወደ ውጭ የሚላኩ የእንግሊዝኛ ደብዳቤዎች ከመውጣታቸው በፊት በእኔ እጅ ያልፋሉ፤ አጫጭር የኢሜይል መልእክቶችን ግን እያንዳንዱ ክፍል በራሱ ይልካል። የግዥ ክፍል ባልደረባችን ከእነዚህ መልእክቶች በአንዱ፣ ስሕተት የተገኘበትን ኢንቮይስ (የክፍያ መጠየቂያ ሰነድ) አርሞ እንዲልክ የተጠየቀ አቅራቢ ድርጅትን ለማስታወስ ፈለገ። በአማርኛ ያሰበው «የታረመው ኢንቮይስ እስካሁን አልደረሰንም» የሚለውን ነበር፤ የጻፈው ደግሞ «ዊ ሃቭ ኖት ሪሲቭድ ዘ ኮሬክትድ ኢንቮይስ አንቲል ናው» የሚል ነው። ከአቅራቢው የመጣው መልስ ኢንቮይሱ በመድረሱ መደሰታቸውን ገልጾ ስለ መዘግየቱ ይቅርታ የሚጠይቅ ነበር። ባልደረባችን ይህን እንደ ፌዝ ቆጥሮ የቁጣ ደብዳቤ አረቀቀ፤ የክፍሉ ኃላፊ ግን ረቂቁን ከመፈረማቸው በፊት የተጻጻፉትን ሁሉ ሰብስበው ወደ እኔ መሩት።

መልእክቶቹን ጎን ለጎን ሳነባቸው አቅራቢው የተረዳው የተጻፈለትን እንደ ሆነ ግልጽ ነበር። በእንግሊዝኛ አሉታዊ ግስ ከ«አንቲል» ጋር ሲጣመር ብዙውን ጊዜ የሚያመለክተው ያልሆነው ነገር የሆነበትን ጊዜ ነው። «ሺ ዲድ ኖት ኮል አንቲል መንዴይ» የሚለውን ያነበበ ሰው ሴትዮዋ ሰኞ ዕለት ለመደወሏ አይጠራጠርም፤ የእኛ «እስከ ሰኞ አልደወለችም» ግን ሰኞ ደወለች ወይስ ጭራሽ ሳትደውል ቀረች የሚለውን ክፍት ይተወዋል። ስለዚህ የባልደረባችን ዓረፍተ ነገር ለአንባቢው «ኢንቮይሱ ገና አሁን ደረሰን» የሚል መልእክት ይዞ ሄዷል፤ አቅራቢውም ጉዳዩን እንደ ተፈጸመ ቆጥሮ ፋይሉን ቢዘጋ አይፈረድበትም።

ባልደረባችን ይህን ሲሰማ «ታዲያ እንግሊዝኛ ‹እስካሁን› የሚል ቃል የለውም ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀ። አለው፤ እንዲያውም ከአንድ በላይ ስላለው ነው መምረጥ የሚያስቸግረው። «ኖት ዬት» ነገሩ ባይሆንም እንደሚጠበቅ ይናገራል፣ ቅሬታም አይሰማበትም። «ስቲል ኖት» ግን መሆን የነበረበት ጊዜ እንዳለፈ ስለሚጠቁም ትዕግሥት ማለቁን ያሳብቃል፤ ለመጀመሪያ ማስታወሻ ሳይሆን ለሁለተኛው ወይም ለሦስተኛው ቢቀመጥ ይሻላል። «ሶ ፋር» እየተጠራቀመ ለሚሄድ ነገር ይመቻል፤ ከተጠየቁት ሰነዶች የተወሰኑት ብቻ ሲደርሱ የሚጻፈው እርሱ ነው። «ቱ ዴት» በትርጉም ለዚህ ይቀርባል፣ ነገር ግን የሪፖርትና የሕግ ደብዳቤ ጠባይ ስላለው በሦስት መስመር ኢሜይል ውስጥ ክብደቱ ይበዛል። በዚህ ጉዳይ የመረጥነው «ኖት ዬት»ን ነበር፤ የቁጣው ረቂቅ ቀርቶ አጭር ማብራሪያ ተላከ፣ ኢንቮይሱም ያለ ተጨማሪ ጭቅጭቅ መጣ።

ከዚህ በኋላ ኃላፊው ክፍሉ ደጋግሞ የሚጠቀምባቸውን የደብዳቤ ናሙናዎች እንድመለከት ጠየቁኝ። «አሁን» ለማለት የገቡት ቃላት አንዱ በሌላው ቦታ እንደ ልብ ይቀያየሩ ነበር። ከሁሉም አሳሳቢው «ፕረዘንትሊ» ነው። ይህ ቃል በ«አሁን» ትርጉሙ ከ15ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ሲሠራበት የቆየ ሲሆን በአሜሪካ እንግሊዝኛም በዚሁ ትርጉም የተለመደ ነው፤ ብዙ የብሪታንያ አንባቢዎች ግን «በቅርቡ» ብለው ይረዱታል። «ዊ አር ፕረዘንትሊ ሴንዲንግ ዘ ዶኪውመንትስ» ሲባል፣ የእንግሊዝኛው ግስ ራሱ ለአሁንም ለቅርብ ጊዜ ዕቅድም ስለሚያገለግል፣ ሰነዱ አሁን እየተላከ ነው ወይስ ገና ሊላክ ነው የሚለውን ከዓረፍተ ነገሩ መለየት አይቻልም። ቃሉን ከናሙናዎቹ ሁሉ አውጥቼ ለአሁን «ከረንትሊ»ን፣ ለቅርብ ጊዜ ደግሞ «ሱን»ን ተካሁ፤ እርግጠኛ ቀን ባለበት ቦታ ሁሉ ቀኑ ራሱ እንዲጻፍም አሳሰብኩ።

የቀሩት ስውር ቢሆኑም ችላ የሚባሉ አይደሉም። «አት ዘ ሞመንት» ሁኔታው ሊለወጥ እንደሚችል ስለሚያስረዳ፣ ሥራ አስኪያጁ ለጊዜው ስብሰባ ላይ ናቸው ለማለት ይስማማል፤ የድርጅቱን ቋሚ አድራሻ ለመግለጽ ግን አይሆንም፣ አንባቢው ልትለቁ ነው እንዴ ብሎ ይጠይቃልና። «ናውአዴይስ» የዛሬውን ዘመን ከቀድሞው ጋር ስለሚያነጻጽር ለአንድ ጭነት ሁኔታ አይመጥንም። «ናው» ቀላል ቢመስልም ብዙ ጊዜ ለውጥን ያሳብቃል፤ «ዘ ሲስተም ኢዝ ናው ዎርኪንግ» ያልነው ደንበኛ ሥርዓቱ ቀደም ሲል ተበላሽቶ እንደ ነበር ይገባዋል። ብልሽቱ ላልደረሰበት ደንበኛ ይህን መንገር አላስፈላጊ ጭንቀት መፍጠር ነው።

በአንድ ነጥብ ላይ እኔና ባልደረባዬ እስከ ዛሬ አልተስማማንም። «ዊ አር ከረንትሊ ሪቪዩዊንግ» (አሁን እየገመገምን ነው) በሚለው ውስጥ ግሱ ራሱ የአሁኑን ጊዜ ስለሚናገር «ከረንትሊ» ትርፍ ነው ብዬ እሰርዘዋለሁ። እርሱ ግን ቃሉ ግምገማው መጨረሻ እንዳለው ለደንበኛው ያመለክታል ብሎ ይመልሰዋል። ክርክሩ ፍሬ ቢስ እንዳልሆነ አምናለሁ፤ ሆኖም ለደንበኛው መጨረሻውን መንገር ከተፈለገ ግምገማው የሚያበቃበትን ቀን መጻፍ እንደሚሻል በረቂቁ ዳር ላይ ማስፈሬን አላቆምኩም።