ጌጁ አዲስ አበባ ላይ 30 አይሞላም

የድሮ ኤሲ (አየር ማቀዝቀዣ) ያለው ሰው ጋዙ ሲያልቅበት «በቃ አዲሱን ሙላልኝ» ይላል። አይሞላም። አር-22 የተባለው የድሮ ጋዝ የነበረበት ማሽን ውስጥ አዲሱ አር-32 ቢገባ ግፊቱ ከ1.5 እጥፍ በላይ ይሆናል፤ ጋዙን የሚጨምቀው ኮምፕሬሰር ለዚያ አልተሠራም። ከድሮው ሚኒራል ዘይት ጋርም አይዋሃድም፤ ዘይቱ ቱቦ ውስጥ እየቀረ ኮምፕሬሰሩ ደርቆ ይነክሳል። ፕሮፔን፣ ማለትም አር-290፣ በግፊትም በዘይትም ለአር-22 ይቀርባል። ግን ይቀጣጠላል፣ የድሮው ማሽን ሪሌይ (የኤሌክትሪክ ማብሪያ ማጥፊያው) ደግሞ ብልጭታ አለው። «ይሠራል እኮ» የሚል ቴክኒሽያን አይጠፋም። መሥራቱንማ ይሠራል።

አር-22 ኦዞንን ስለሚጎዳ፣ ለጥገና ከምትቀር ጥቂት በስተቀር፣ በሞንትሪያል ስምምነት መሠረት አዳጊ አገሮች በ2030 እ.ኤ.አ. ይሰናበቱታል። የተካው አር-410ኤ ኦዞንን ባይነካም ምድርን በማሞቅ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 2088 እጥፍ ይበረታል። አር-32 675፣ ፕሮፔን ከ5 በታች። ዛሬ የሚገዛ ሰው ማሽኑ ጎን የተለጠፈውን አንብቦ አር-32 ወይም አር-290 ያለበትን ይውሰድ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጣጣ ገጠማው ነው። አየሩንና እርጥበቱን ከቱቦው የሚስበው ቫኪዩም ፓምፕ ሲነሳ የሰማያዊው ጌጅ (የግፊት መለኪያ) መርፌ ከዜሮ በታች ይወርዳል። መመሪያው 30 ኢንች (በሜርኩሪ የሚለካ ግፊት) ይላል፤ ፒያሳም ይሁን ካዛንቺስ መርፌው 23 አካባቢ ደርሶ ይቆማል። ፓምፑ ጤነኛ ነው። ከተማዋ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሩብ ያህል ያንሳል፣ መርፌው ደግሞ የሚለካው ከውጭው አየር ጋር እያስተያየ ነው። ይህን ያላወቀ ወይ ደህናውን ፓምፕ ይጥላል፣ ወይ መርፌው ቆመ ብሎ ቶሎ ይዘጋል። የሚብሰው ሁለተኛው ነው። 20 ዲግሪ ላይ ቱቦ ውስጥ ያለ ውሃ መፍላት የሚጀምረው መርፌው መጨረሻው ላይ ሊደርስ 0.7 ኢንች ሲቀረው ነው፤ ያቺን በመርፌ መለየት ዘበት ነው። የአር-32 ማሽን ዘይት ደግሞ እርጥበት ይመጥጣል፣ ውሎ አድሮም አሲድ ይሆንና የኮምፕሬሰሩን ሽቦ ይበላል።

ስለዚህ ዲጂታል ማይክሮን ጌጅ፣ ማለትም በጣም ትንሽ ግፊትን በቁጥር የሚያሳይ መለኪያ፣ ይገዛ። 500 ማይክሮን እስኪደርስ ይሳብ፣ ቫልቩ ይዘጋ፣ 10 ደቂቃ ይጠበቅ። ቁጥሩ ትንሽ ወጥቶ ከቆመ ቱቦው ውስጥ የቀረ እርጥበት አለ፣ ይደገም። መውጣቱን ካላቆመ ያፈሳል፤ መጀመሪያ የሚፈተሸው ፍሌሩ፣ ማለትም ጫፉ የሰፋው የቱቦ መጋጠሚያ፣ ነው። የሩብ ኢንች ቱቦው ነት ከ14 እስከ 18 ኒውተን ሜትር በቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ) ይጠብቃል፤ በእጅ ግምት የጠበቀ ወይ ይላላል ወይ ይሰነጠቃል። የግፊት ሙከራው ከቫኪዩም በፊት፣ በደረቅ ናይትሮጅን ብቻ ነው። ኦክስጅን ከዘይት ጋር ይፈነዳል።

ጋዝ የሚሞላው በሚዛን ነው፣ በጌጅ አይደለም። 5 ዲግሪ ላይ በባሕር ጠለል 123 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) የሚያሳይ አር-32 እዚህ 127 ያህል ያሳያል። በዚያ ተታልሎ «በዝቷል» ብሎ የሚቀንስ አለ።

ስለ እሳቱ፦ ሦስት በአራት ሜትር የሆነና 2.6 ሜትር ከፍታ ያለው ክፍል 31 ሜትር ኩብ ነው። 700 ግራም አር-32 ሁሉም ቢፈስና ከአየሩ ጋር እኩል ቢደባለቅ በሜትር ኩብ ከ23 ግራም በታች ይሆናል፤ ለመቀጣጠል 307 ይፈልጋል። ፕሮፔን ግን 38 ግራም ይበቃዋል፣ ከአየር ስለሚከብድም ወለሉ ላይ ይተኛል፤ የአር-290 ማሽን ሲከፈት መስኮት ክፍት፣ ሻማና ከሰል ውጭ። የሚነቀለው ማሽን ጋዝም በሪከቨሪ ማሽን ወደ ሲሊንደር ይሳባል እንጂ በረንዳ ላይ አይለቀቅም።