መሪ ከያዝሁ ወዲህ

የእናቴ የሐኪም ቀጠሮ በደረሰ ቁጥር እንቅልፍ የሚነሳኝ የምርመራው ውጤት ሳይሆን መጓጓዣው ነበር። እሷ ሉማሜ ናት፣ እኔ ደብረ ማርቆስ፤ የደም ግፊት ክትትሏ ደግሞ እዚህ ነው። ሚኒባስ ካልሞላ አይነሳም። በገበያ ቀን ሞልቶም ይጨመርበታል፤ ጉልበቷን የሚያማት አሮጊት እንደምንም ተጣብቃ ትመጣለች። ስለዚህ መኪና ያለው ዘመድ እለምን ነበር። አንዴ እሺ ይላል፣ ሁለተኛም እሺ ይላል፣ ከዚያ በኋላ ስልኩን ሲያነሳ ድምፁ ይለወጣል። አይፈረድበትም፣ እሱም ሥራ አለው። እናቴ ግን ፊቴን አይታ ሁሉንም ትረዳለች። «ተይው ልጀ፣ ደኅና ነኝ» ትለኛለች። ደኅና አልነበረችም።

ዛሬ በማንኛውም ሰዓት ብትደውል ቁልፉ እጄ ላይ ነው። መንዳት መማር ምን ይጠቅማል ብሎ ለሚጠይቀኝ ሁሉ ከምንም በፊት የምነግረው ይኸን ነው።

ወንድሜ ትቶልኝ የሄደው አሮጌ ዲኤክስ ኮሮላ ማንዋል፣ ማለትም ማርሹ በእጅ የሚቀየር፣ ስለሆነ የተማርሁትም በማንዋል ነው። ከሁሉም የከበደኝ ዳገት ላይ ቆሞ መነሳት ነበር። የእጅ ፍሬኑ እንደተያዘ አንደኛ ማርሽ ታስገቢያለሽ፤ በግራ እግርሽ የረገጥሽውን ፔዳል፣ ፍሪሲዮኑን፣ ቀስ እያልሽ ትለቂያለሽ። አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ የሞተሩ ድምፅ ይወፍራል፣ የመኪናው አፍንጫ ቀና ይላል፣ በግራ እግርሽ ጫማ ሥር ትንሽ ንዝረት ይሰማሻል። እግርሽን እዚያው አቆይተሽ ነዳጅ ትጨምሪያለሽ፣ ከዚያ የእጅ ፍሬኑን ትለቂያለሽ። ከኋላ አይሱዙ ጥሩምባውን እያንባረቀ፣ ሰው መንገድ ዳር ቆሞ «ሴት ናት» እያለ ይህን ሁሉ በተረጋጋ እግር ማድረግ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ያ እርጋታ ከመኪናው ወርጄም አልተለየኝም። በሥራ ቦታ ሰው ሲጮህብኝ እንኳ እንደ ድሮው አልደነግጥም።

ዓይኔም ተለውጧል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንዲት ሰከንድ ወደ 17 ሜትር ይጓዛል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ፍሬን ተይዞ እስኪቆም የሚፈጀው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። ይኸን ቲዎሪ ክፍል ሲነግሩን ቁጥር ነበር። የገባኝ ከሉማሜ ስመለስ፣ ጭነት የያዘች አህያ አስፋልቱ መሐል ቆማ፣ ባለቤቷ በትሩን ትከሻው ላይ አጋድሞ ከወዲያ ጠርዝ ሲጠራት ባየሁ ጊዜ ነው። ቀድሜ ፍጥነት ቀንሼ ስለነበር በሰላም አለፍን። ማታ ጥቁር የለበሰ እግረኛ በመኪና መብራት ምን ያህል ዘግይቶ እንደሚታይም መሪ ያልያዘ ሰው በቀላሉ አይገምተውም። ልጆቼ ግራቸውን ይዘው፣ ፊታቸውን ወደሚመጣው መኪና አዙረው እንዲሄዱ አጥብቄ የምናገረው ለዚህ ነው።

አባይ በረሃን የወረድሁት ወንድሜ አጠገቤ ተቀምጦ ነው። ከደጀን ጫፍ እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። በከባድ ማርሽ፣ ማለትም በዝቅተኛው፣ ሞተሩ ራሱ መኪናውን እየያዘው ይወረዳል እንጂ ፍሬን ላይ እግር ተጭኖ አይዘለቅም፤ ፍሬን ሲግል ይከዳል። ፊታችን የነበረው ተሳቢ የሰው እርምጃ በመሰለ ፍጥነት ሲወርድ አልቀደምነውም፤ የተቃጠለ ፍሬን ሽታ እስከ ታች ተከተለን። የህዳሴ ድልድይን ተሻግረን የጎሃ ጽዮንን ዳገት ስንጀምር መዳፌ በላብ ርሶ ነበር፤ ደስታዬ ግን ወሰን አልነበረውም። ያን መንገድ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ከአውቶቡስ መስኮት ነበር።

ከዚህ ሁሉ በላይ የማስታውሰው ግን አንድ ሌሊት ነው። የጎረቤታችን ልጅ ምጥ ይዟት አምቡላንሱ ሌላ ወላድ ሊያመጣ ገጠር ወጥቶ ነበር። እናቷ በሬን አንኳኩታ «እታለም፣ ድረሽልን» አለችኝ። ልጅቱን ከኋላ ወንበር አስተኝተን፣ ሴቶቹ «ማርያም ማርያም» እያሉ፣ ጉድጓዱን ሁሉ በቀስታ እያለፍሁ ጤና ጣቢያ አደረስኋት። ጎህ ሲቀድ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ለማለት በቃን። ለማኝ የነበርሁት እኔ የሚለመን ሰው ሆንሁ። ይህን ክብር በምን ቃል እንደምገልጸው አላውቅም።

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ «መኪና ሳይኖረኝ ለምን እማራለሁ?» ትለኛለች። ልክ ናት፣ የመኪናው ዋጋ የሚቀመስ አይደለም፣ ነዳጁም እንደዚያው። ግን መኪና ያለው ሰው ቢታመም፣ ቢደክመው፣ የሚነዳለት ሲፈልግ ማን ይነዳል? መንጃ ፈቃድ የሥራ ማስታወቂያ ላይም ስንት ጊዜ ሲጠየቅ አይተናል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ስለተከለከለ የኤሌክትሪኮቹ እየበዙ ነው፤ እነሱ ደግሞ ፍሪሲዮን እንኳ የላቸውም። በማንዋል የተማረ ሰው ሁለቱንም ይነዳል። እስካሁን አልተመዘገበችም፣ እኔም መወትወቴን አልተውሁም።

እናቴ አሁን ከሐኪም ቤት ሌላም ታስባለች። መንገዱ ሰላም ከሆነ ለጥር 21፣ ለአስተርእዮ፣ በቢቸና አድርገን ደብረ ወርቅ ማርያም እንድወስዳት ጠይቃኛለች። እሺ ብያታለሁ። የፊት ጎማዎቹ ስላለቁ ከዚያ በፊት መቀየር አለባቸው፤ ቅዳሜ ጎሚስታው ጋ እወስደዋለሁ።