ኩዌከሩ ሚኒስትር፦ የሦስት ወር ንባቤ

ሰላም ቤተሰብ፣ አንድ ፖለቲከኛ መርጬ ሥራውን ከጅምሩ እስከ መጨረሻው እከታተላለሁ ብዬ ከተነሳሁ ይኸው ሦስት ወር ሞላኝ፣ የመረጥኩት እንግሊዛዊው ፊሊፕ ኖኤል-ቤከር ነው። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።

የገባሁት በሩጫው በኩል ነው። በ1920 አንትወርፕ ኦሎምፒክ በ1500 ሜትር ብር ወስዷል፣ በ1959 ደግሞ የኖቤል የሰላም ሽልማት፣ እስቲ አስቡት! ግን የሩጫውን ውጤት ስፈልግ ስሙ የለም፣ ሁለት ቀን ፈጀብኝ፣ ለካ ያኔ ቤከር ብቻ ነበር የሚባለው፣ ኖኤል የሚስቱ የአይሪን የቤተሰብ ስም ነው፣ በኋላ ነው የጨመረው። ከዛ ወዲህ ስለማንም ሳነብ መጀመሪያ ስሙ ተቀይሮ እንደሆነ አጣራለሁ፣ ሞክሩት።

ኩዌከሮች ጦርነትን የሚቃወሙ ክርስቲያኖች ናቸው፣ እና እኔ ጦርነት ሲመጣ ዝም ብለው ቤታቸው የሚቀመጡ ነበር የሚመስለኝ። ይሄ ግን በ1914 ፈረንሳይ ወርዶ የኩዌከሮቹን አምቡላንስ ቡድን መራ፣ ከዛ ጣሊያን ግንባር ሄዶ ቁስለኛ ሲያነሳ ከረመ፣ ጣሊያኖቹም ሜዳልያ ሰጡት። በ1935 ሙሶሊኒ እኛን ሲወር ግን የመንግሥታቱ ማኅበር ወራሪውን ማስቆም አለበት ብለው ከሚሟገቱት ጋር ነበር የቆመው። እዚህ ጋ ስደርስ ንባቤን ዘግቼ ትንሽ ተቀመጥኩ።

ፓርላማ መጀመሪያ የገባው በ1929 ከኮቨንትሪ ነው፣ ከ1936 እስከ 1970 ደግሞ ደርቢን ወከለ፣ 34 ዓመት!

ያስቸገረኝ 1946 ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ አትሊ የአየር ሚኒስትር አደረገው፣ የጦር አውሮፕላኖቹ የሚተዳደሩበት መሥሪያ ቤት ማለት ነው፣ እንዴት ኩዌከር እዛ ይቀመጣል ብዬ በጣም ተናደድኩ። ለማወዳደር ሌላውን ኩዌከር ጆን ብራይትን አነበብኩ፣ እሱ በ1882 የእንግሊዝ መርከቦች እስክንድርያን ሲደበድቡ ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ከግላድስተን ካቢኔ ጥሎ ወጣ። ንጹህ ውሳኔ ነው፣ ልቤ አሁንም ወደሱ ያደላል። ግን ብራይት ከወጣ በኋላ ግብፅ ከመያዝ አልዳነችም፣ ኖኤል-ቤከር ደግሞ ከሥልጣን ከወረደ በኋላም ስለ ትጥቅ ማስፈታት መሟገቱን ሳይተው በ1958 ስለ ጦር መሣሪያ እሽቅድምድም ትልቅ መጽሐፍ አወጣ፣ የመንግሥትን ቤት ከውስጥ የሚያውቅ ሰው የጻፈው መሆኑ ክብደት ይሰጠዋል ባይ ነኝ። ስለዚህ ንዴቴ በርዷል፣ ሙሉ በሙሉ ግን አልወጣልኝም።

የነዳጅና ኃይል ሚኒስትርነቱን በአንድ ምሽት ጨረስኩት። አሁን የገባሁበት የኮመንዌልዝ (የእንግሊዝና የቀድሞ ግዛቶቿ ማኅበር) ጉዳዮች ሚኒስትር የነበረበት ዘመን ነው፣ ከ1947 እስከ 1950፣ በ1948 ህንድና ፓኪስታን የተጣሉበት የካሽሚር ጉዳይ ጸጥታው ምክር ቤት ሲቀርብ እንግሊዝን ወክሎ የተቀመጠው እሱ ነው። የፓርላማው ቃለ ጉባኤ ሀንሳርድ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ስላለ ንግግሮቹን በየቀኑ አንድ አንድ እያልኩ እያነበብኩ ነው፣ አብሮኝ ማንበብ የሚፈልግ ካለ ከጥር 1948 እንጀምር።