ያው ፓራሲታሞል፣ ሌላ ማቅለጫ ነጥብ

ዲኤስሲ በሚባል የላቦራቶሪ መሣሪያ መለማመድ ከጀመርኩ ሦስተኛ ሳምንቴን ያዝኩ። መሣሪያው ናሙናውን ከባዶ ሳህን ጋር ጎን ለጎን እያሞቀ፣ መቼ ሙቀት እንደሚስብና መቼ እንደሚለቅ ይመዘግባል። የመረጥኩት ከማንም ቤት የማይጠፋውን ፓራሲታሞል ነው።

መጀመሪያ 12 ሚሊግራም አጭቄበት ፒኩ (መቅለጡን ግራፉ ላይ የሚያሳየው ጉብታ) ተንሰራፋብኝ፤ ከየት እንደጀመረ እንኳ አይለይም። ወደ 3 ሚሊግራም ቀንሼ ዱቄቱን ሳህኑ ላይ ስስ አድርጌ ሳነጥፈው ጠራልኝ። በደቂቃ 10 ዲግሪ እያሞቅሁ፣ 169 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ላይ አንድ ሹል ፒክ አገኘሁ። ይህ ፎርም 1 የሚባለው የተለመደው የክሪስታል አደራደር ነው።

የቀለጠውን ሳልጥል ቶሎ አቀዘቀዝኩትና እንደገና አሞቅሁት። 24 ዲግሪ አካባቢ መስመሩ ትንሽ ደረጃ ሠራ። 80 አካባቢ ሙቀት ለቀቀ። ከዚያ 157 ላይ ቀለጠ። 169 ላይ ግን ምንም የለም!

ደነገጥኩ። መሣሪያውን የምናስተካክልበት ኢንዲየም የተባለው ብረት የሚቀልጠው 156.6 ላይ ስለሆነ፣ ሳህኑ ተበክሎ ነው ብዬ ጠረጠርኩ። በአዲስ ሳህን ከመጀመሪያው ጀምሬ ደገምኩት። ያው 157።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስኳር ቀልጦ ቶሎ ሲቀዘቅዝ እንደ ከረሜላ ግልጽ ሆኖ ይደርቃል አይደል? ፓራሲታሞልም እንደዚያው ነው፤ ሞለኪውሎቹ ለመደርደር ጊዜ አላገኙም። 24 ላይ ይህ ሳይደረደር የደረቀው፣ ብርጭቆ የሚባለው ጠጣር ይለሰልሳል፣ 80 አካባቢ መደርደር ይጀምራሉ። የሚደረደሩት ግን በቀድሞው መልክ አይደለም። መጨረሻ ላይ የሚቀልጠው ፎርም 2 ነው።

ልዩነቱ ግራፍ ላይ ብቻ አይቀርም። ፎርም 1 ለብቻው ሲጨመቅ ጥሩ ኪኒን አይወጣውም፣ ማያያዣ ይፈልጋል። የፎርም 2 ክሪስታል ግን ንብርብሮቹ አንዱ በሌላው ላይ ስለሚንሸራተቱ በደንብ ይጨመቃል። ችግሩ፣ ወደ ፎርም 1 የመመለስ ዝንባሌ አለው። የኤችአይቪ መድኃኒቱ ሪቶናቪርም በ1998 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በደንብ የማይሟሟ አዲስ ፎርም ብቅ ብሎበት ካፕሱሉ ከገበያ ወጥቷል። ያንን ሳነብ ሩቅ ታሪክ ይመስለኝ ነበር፤ አሁን በ3 ሚሊግራም ዱቄት ቅርብ ሆኖ ታየኝ።

ቀጥሎ በደቂቃ 2 ዲግሪ ብቻ እያቀዘቀዝኩ እሞክራለሁ። ቀስ ሲል 169 ይመለስ ይሆን? የሞከራችሁ ካላችሁ፣ በስንት ዲግሪ ፍጥነት እንዳቀዘቀዛችሁ ጻፉልኝ።