የደላንታ ኦፓል በጃይፑር

የሕንዷን ጃይፑርን «ሮዝ ከተማ» ይሏታል፤ ቀለሟ ግን ወደ ሸክላ ያደላል። እኔን የወሰደኝ ሌላ ጉዳይ ነው። ከወሎ፣ ከደላንታ ገደሎች የሚወጣው ኦፓል የተባለ የከበረ ድንጋይ ብዙው ወደዚች ከተማ እንደሚጫን ስሰማ ኖሬያለሁ። ማን እጅ ላይ እንደሚያርፍ ማየት ፈለግሁ።

ጆሃሪ ባዛር የጌጥ ነጋዴዎች ገበያ ነው። ንጉሥ ሳዋይ ጃይ ሲንግ ዳግማዊ እ.ኤ.አ. በ1727 ከቀድሞ መዲናው ከአምበር ወርዶ ከተማዋን ሲቆረቁር ነጋዴና ባለሙያ ከየአቅጣጫው ጠርቶ አሰፈረ። ዛሬም ከዋናው ጎዳና ወደ ጎፓልጂ ካ ራስታ ሲታጠፉ፣ በሞተር ብስክሌቶች መካከል የቆመ ሰው ከሸሚዝ ኪሱ የታጠፈ ነጭ ወረቀት ያወጣል። ሲገለጥ ሩቢ ነው፤ ወይም ሳፋየር። ሌላው አጎንብሶ ያያል፣ ዋጋ ይጠራል፣ ወረቀቱ ተመልሶ ይታጠፋል። የወርቅ ቤት መስታወትና ዘበኛ ለለመደ ሰው ያስደነግጣል። መንገድ ላይ «የአጎቴ ሱቅ» እያለ ለሚጎትት ሰው ግን ጆሮ አለመስጠት ነው፤ ከተማዋ ቱሪስት በማታለልም ስም አላት።

አዲስ አበባ ያለ ወርቅ ነጋዴ ወዳጄ ያስተዋወቀኝ ቤተሰብ ከአንድ ጠባብ ደረጃ በላይ ይሠራል። ጫማ ይወለቃል፤ ነጭ አንሶላ በለበሰ ፍራሽ ላይ ይቀመጣሉ። አዛውንቱ ከአያታቸው አባት ጀምሮ ሥራቸው ይኸው ነው። እንደ ብዙዎቹ የጃይፑር የዕንቁ ነጋዴዎች ሕያው ነገርን መጉዳት የሚከለክለው የጃይን እምነት ተከታዮች ናቸው። እርሻ በአፈር ውስጥ ያለውን ነፍስ ስለሚጎዳ ቀደምቶቻቸው ወደ ንግድ አዘነበሉ ይባላል። ከእነርሱም የቆዩ አሉ፤ ኤም አይ ጎዳና ላይ ያለው የካስሊዋል ቤተሰብ ሱቅ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1852 ነው።

መደርደሪያው ላይ በቀይ ጨርቅ የተለበዱ ረጃጅም መዝገቦች ተደርድረዋል። ኮምፒውተር አጠገባቸው አለ፤ ሆኖም የብርሃን በዓል በሆነው በዲዋሊ አዲስ መዝገብ ተከፍቶ ጸሎት ይደረግበታል። ሻይ እየጠጣን አንድ ደላላ ገባ፤ ኤመራልድ የሚባለውን አረንጓዴ ዕንቁ የያዙ ጥቅሎች ተቀብሎ ወጣ። ገንዘብ አልከፈለም፣ መያዣ አልሰጠም፤ ስሙና ክብደቱ ብቻ ተጻፈ።

«ቢጠፋስ?» አልኳቸው።

ልጃቸው እየሳቀ ተረጎመላቸው። አዛውንቱ አልሳቁም። «አባቱም ከአባቴ ይወስድ ነበር» አሉ። «ቢያጠፋ ልጁ የት ይሠራል?»

ዘመድ ለዘመድ ያለ ፊርማ ብር በማያበድርበት ጊዜ ይህን መስማቴ ከኤመራልዱ በላይ አስቀናኝ። ማስፈራሪያም እንዳለበት አልጠፋኝም፤ በአንድ ሰው ጥፋት የልጅ ልጁ እንጀራ የሚዘጋበት ገበያ ነው።

ኦፓላችንን ያገኘሁት ከኋላ ባለው ክፍል ነው። ቀራጩ ጥሬውን ድንጋይ በእንጨት ጫፍ ላይ አጣብቆ ውኃ በሚንጠባጠብበት ተሽከርካሪ ሞረድ ላይ ያዞረዋል። የድንጋዩን ፊት እንጂ ማሽኑን አያይም፤ በጣቱ ነው የሚለካው። የወሎ ኦፓል ውኃ ይጠጣል። ሲርስ ያ ቀይና አረንጓዴ እሳቱ ይደበዝዝና እንደ መስታወት ፍርፋሪ ይሆናል፤ ሲደርቅ ቀለሙ ይመለሳል። ስለዚህ ቀራጩ በሥራው ላይ የሚሸጠውን ቀለም አያይም ማለት ነው፤ ገና በደረቁ ሳለ የቱ ጎን እንደሚያበራ በአእምሮው ይዞ ይቆርጣል። ድንጋዩ በደላንታ፣ ወገል ጤና አካባቢ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ሰውየው ይህን ጠባዩን የተማረው እጁ ላይ እየተሰነጠቀበት ነው፤ ሌላውን የድንጋይ ዕውቀት ግን ከአባቱ ነው ያገኘው። ገደል ውስጥ ተንጠልጥሎ የሚቆፍረው የደላንታ ወጣት ይህን ጥበብ የሚያሳየው አባት አልነበረውም። በየስብሰባው «እሴት መጨመር» ስንል ማሽን መግዛት ይመስለናል፤ እዚህ ያየሁት ማሽን ግን መርካቶ ሊሠራ የሚችል ነው።

ኩንዳን የሚሉትን ሥራ ለማየት ወደ ሌላ ቤት ወሰዱኝ። ቅጠል እስኪመስል የሳሳ ንጹሕ ወርቅ በፈርጡ ዙሪያ በብረት እየተጫነ ይጠቀጠቃል፤ ወርቁ ንጹሕ በመሆኑ ያለ እሳት እርስ በርሱ ይያያዛል። የአንገት ሐብሉን ገልብጠው ሲያሳዩኝ ጀርባው ኢናሜል በሚባል ቀይና አረንጓዴ የመስታወት ቀለም ወፍና አበባ ተሥሎበታል። ከለባሿ ቆዳ ጋር ተጣብቆ ለሚውል ገጽ ይህን ያህል መድከም!

ወደ አዛውንቱ ስንመለስ ሌላ ጥቅል አወጡ፤ ከጉጂ፣ ከሻኪሶ የመጣ ኤመራልድ ነበር። በሰሜን አቅጣጫ ወዳለው መስኮት ተጠግተው፣ ፀሐይ በቀጥታ በማይነካው ብርሃን አገላበጡት። ኤመራልድ ስንጥቁ እንዲሸፈን ዘይት መጠጣቱ በገበያው የታወቀ ነው፤ ከሻኪሶው ግን ዘይት የማይፈልግ እንደሚያገኙ ነገሩኝ።

«ከየትኛው ጉድጓድ እንደወጣ ታውቃለህ?» ሲሉ ጠየቁኝ። ቀጠል አድርገውም ቆፋሪው ስንት እንደተከፈለው፣ ከአዲስ አበባ ቦታው ድረስ መንገዱ ስንት ሰዓት እንደሚወስድ፣ በክረምት መኪና ይገባ እንደሆነ ጠየቁ። ልጃቸው መልሱን ሁሉ ይጽፍ ነበር።